የተደፋው ጣሳ

የጠላ ቤት ምልክት ምን እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት ድፍረት ይመስላል። ቢሆንም ከኮንዶሚኒየም ወጥተው ኮንዶሚኒየም የሚገቡ ልጆች በርክተዋልና ላስታውስ። ከአጥሩ በላይ አንድ ረዘም ያለ እንጨት ብቅ ይላል፤ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። በቃ፣ ሌላ ማስታወቂያ የለም። ጣሳው ካለ ጠላ አለ፤ ጣሳው ከሌለ ጠላ የለም። ለምን እንደሌለ የሚጠይቅም የለም። ጠላው ገና አልደረሰ ይሆናል፤ ባለቤቲቱ ለቅሶ ሄደው ይሆናል፤ ጉልበታቸውን አሟቸው ይሆናል፤ ወይም ዛሬ የሰው ፊት ማየት አላሰኛቸው ይሆናል። ጣሳውን የሚደፉትም የሚያነሡትም እርሳቸው ናቸው።

እኔ ያንን ጣሳ ከእንጨቱ ላይ አውርጄ፣ ቀይ ነጥብ አድርጌ፣ ኢንተርኔት ላይ ሰቀልኩት። የማጫውታችሁ የዚህን ጣጣ ነው።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ አለኝ፤ ቋሚ ደመወዝ ግን የለኝም። ሠላሳዎቹን ከገባሁ ቆይቻለሁ፤ የምኖረው ጽሑፍ በቁራጭ እየሸጥኩ ነው። (እናቴ «ልጅሽ ሥራዋ ምንድን ነው?» ለሚሏት ጎረቤቶች «ትጽፋለች» ትልና «ለጊዜው» የምትል ቃል ታክልበታለች።) በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በኢንተርኔት የሚወጣ አንድ መጽሔት አዘጋጅ ስለ አዲስ አበባ ጠላ ቤቶች እንድጽፍለት ጠየቀኝ። የሰውየውንም የመጽሔቱንም ስም ልተወው፤ ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ሦስት ገጽ ጽፌ ወሰድኩለት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ቆንጆ ነው፤ ግን ማን ያነበዋል?» አለኝ። «ሰው አሁን የሚፈልገው የሚነካው ነገር ነው። ካርታ እንሥራ። እያንዳንዷ ቤት በነጥብ ትቀመጥ፤ ነጥቧን ሲነኩ ፎቶግራፍና ያንቺ አራት መስመር ጽሑፍ ብቅ ይበል።»

አራት መስመር! ሦስት ገጼን በልቤ ቀበርኳትና እሺ አልኩ። የቤት ኪራይ ደርሶ ነበር።

እንግዲህ ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው የዜናን አምስት ጥያቄዎች ያውቃል፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። እኛ በተማርንበት ጊዜ ከአምስቱ ምስኪኗ «የት» ነበረች። «ማን» ፎቶግራፍ ይወጣለታል፣ «ለምን» ገጽ ሙሉ ይበላል፤ «የት» ግን «በመርካቶ አካባቢ» ከተባለላት አመስግና ትቀመጣለች። ካርታ የሚባል ነገር ጋዜጣ ላይ የምናየው ጦርነት ሲነሣ ወይም ድንበር ሲያጨቃጭቅ ነው፤ እሱም በቀለም ተጨማልቆ የትኛው ወንዝ የትኛው መንገድ እንደሆነ አይለይም ነበር። አሁን «የት» በተራዋ ሌሎቹን አራቱን አገልጋይ አድርጋቸዋለች።

ይህ ነገር ከየት መጣ ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ። ጉግል ካርታውን ለሕዝብ የከፈተው እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2005 ነው። ከዚያ በፊትም የኮምፒዩተር ካርታ ነበረ፤ ነገር ግን ትንሽ ወደ ጎን ለማየት ገጹ እንደገና እስኪሣል መጠበቅ ነበረበት። አዲሱ ካርታ ዓለምን እንደ ወለል ንጣፍ በትንንሽ ካሬዎች ቆራርጦ አስቀመጣት፤ የእያንዳንዱ ካሬ ወርድና ቁመት 256 የስክሪን ነጥብ ነው። ተጭነው የሚመጡት ዓይናችን የሚያርፍባቸው ካሬዎች ብቻ ናቸው፤ ስንገፋው ቀጣዮቹ ይከተላሉ፤ አንድ እርከን ቀረብ ባልን ቁጥር አንዱ ካሬ አራት ይሆናል። ዓለም ሁሉ ኪሳችን ውስጥ ያለች የሚመስለን በዚህ ብልሃት ነው እንጂ ኪሳችን ውስጥስ የለችም።

ካርታው በተከፈተ በሦስተኛው ወር፣ አድሪያን ሆሎቫቲ የተባለ ጋዜጠኛም ፕሮግራም ሠሪም የሆነ አሜሪካዊ የቺካጎ ፖሊስ ለሕዝብ የሚያወጣውን የወንጀል መዝገብ ወስዶ እላዩ ላይ ለጠፈው። ጉግል እንዲህ አድርጉበት ብሎ አልፈቀደም፤ እርሱ ራሱ አሠራሩን ፈልፍሎ ነው። የቺካጎ ነዋሪ የገዛ መንገዱን መርጦ በደጃፉ ምን እንደተሰረቀ፣ ማን እንደተደበደበ ማየት ቻለ። በሚቀጥለው ወር ጉግል ለማንኛውም ፕሮግራም ሠሪ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። እኔ እንደሚመስለኝ የኅትመት ሥራ የተለወጠው ያን ጊዜ ነው። ጋዜጣ ከተፈጠረ ጀምሮ የትኛው ወሬ እንደሚቀድም የሚወስነው አዘጋጁ ነበር፤ ፊት ገጽ የሚባለውም ለሁሉም አንባቢ አንድ ነው። ካርታ ላይ ግን ፊት ገጽ የለም። እያንዳንዱ አንባቢ ከገዛ ደጁ ይጀምራል።

ይህን ለማረጋገጥ ቺካጎ መሄድ አያስፈልግም። በኮሮናው ጊዜ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ያን የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ካርታና ቀያይ ክቦቹን ያላየ ማን ነበር? ሁላችንም መጀመሪያ የምንነካው አገራችንን፣ ቀጥሎ ዘመድ ያለበትን አገር ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ሳትቀምስ «እስቲ ዋሽንግተንን አሳዪኝ» ትለኝ ነበር፤ እኅቴ እዚያ ናትና። ካርታው እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2023 መታደሱን አቆመ፤ እናቴ ግን ቀይ ክብ ካየች ዛሬም ታማትባለች።

እኔን ከሁሉ የገረመኝ የጎረቤታችን የኬንያው ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ከተደረገው ምርጫ በኋላ አገሩ ሲታመስ መንግሥት የቀጥታ ሥርጭትን አገደ። ኦሪ ኦኮሎ የተባለች የሕግ ባለሙያ የትና ምን እንደተፈጸመ መዝግቦ ካርታ ላይ የሚያኖር ሰው ይኖር ይሆን ስትል ጠየቀች። ጥቂት ፕሮግራም ሠሪዎች ተሰባስበው በጥር 2008 ሠሩት፤ ስሙንም «ኡሻሂዲ» አሉት፤ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው። ሰው ከያለበት በሞባይል መልእክት ያየውን ይልካል፤ የተላከው ተጣርቶ ካርታው ላይ ይሰፍራል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 12 ቀን 2010 ሄይቲን ርዕደ መሬት ሲያፈርሳት ያው ኡሻሂዲ በ4636 አጭር ቁጥር የሚመጣውን የድረሱልን ጥሪ ቦታ ቦታውን አስያዘ። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞችም ከሳተላይት ፎቶ እያዩ የፖርት ኦ ፕሪንስን መንገዶች በጥቂት ቀን ውስጥ ሣሉ። ጋዜጠኛ ያልደረሰበት ቦታ ነጥብ ደረሰ። ይህን ሳነብ፣ እውነቴን ነው፣ አራቷ መስመር መናኛ መስላ አልታየችኝም።

ለነገሩ የሰውን ምስክርነት ሰብስቦ ካርታ መሥራት ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ ታላቁን የዓለም ካርታውን ሲሠራ፣ የሐበሻን ምድር ወንዞችና አገሮች የነገሩት እዚያው የተወለዱ ካህናት እንደሆኑና በገዛ እጃቸው እንደሣሉለት ካርታው ላይ ጽፏል። ቬኒስ ድረስ ተጉዘው አንድ ፈረንጅ መነኩሴ ዘንድ ተቀምጠው «ይኼ አባይ ነው፣ ይኼ ደግሞ አገሬ ነው» የሚሉትን አባቶች እስቲ አስቧቸው። ምን ነገሩት? ይልቁንስ ምን ሳይነግሩት ቀሩ? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የመጣልኝ ግን በኋላ ነው፤ ከተበላሸ በኋላ።

ሦስት ሳምንት ስዞር ከርሜ 37 ቤቶች መዘገብኩ። አሠራሩ ቀላል ነው። በሠንጠረዥ ላይ የቤቱን መጠሪያ፣ ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን ትጽፋላችሁ፤ አዲስ አበባ በ8 ወይም በ9 እና በ38 ዲግሪ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረደረው ቁጥር ነው ሰፈሩን፣ መንደሩን፣ በሩን የሚለየው። ከነጥቡ በኋላ አምስት ቁጥር ከጻፋችሁ አንድ ሜትር ያህል ድረስ ትጠጋላችሁ። ስልኬ ያን ያህል ትክክል አይደለም፤ ቆርቆሮ ቤት በተፋፈገበት ሰፈር ጥቂት ሜትር ይስታል። እኔ ግን ትጉህ ነኝና ቤቴ ገብቼ በሳተላይት ፎቶው ላይ እያንዳንዷን ጣሪያ እየፈለግሁ ነጥቧን በእጄ አስተካከልኩ። እንደዚያ ያለ ትጋት በሌላ ሥራዬ ላይ አሳይቼ አላውቅም።

ከ37ቱ አንደኛዋ ቤት የእትዬ ናት። ስማቸውን አልጽፍም፤ እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ። ሰፈሩንም አልጠራም። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ይመስለኛል፤ ጠላቸው ጥቁር ነው፣ ጌሾው የማይመር፤ ደንበኞቻቸው ጡረተኞች፣ ግንበኞችና አንድ ሁልጊዜ ጥጉን የሚይዙ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። በሩ ላይ ቆሜ ስልኬን ስነካካ አዩኝ።

«ምንድን ነው እሱ የምታደርጊው ልጄ?»

«ካርታ እየሠራሁ ነው እትዬ።»

«ካርታ!» አሉና ወደ ውስጥ ዞረው ተጣሩ። «ስሙ እንጂ እናንተ! ይቺ ልጅ ካርታ ልታሰጠኝ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አዲስ አበባ ውስጥ ካርታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። የእትዬ ቤት የቀበሌ ቤት ናት፤ እዚያው ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖረዋል፤ ካርታ አይተው አያውቁም። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ስለ ሌላው ዓይነት ካርታ አስረዳኋቸው፤ ማለትም ያስረዳኋቸው መሰለኝ። «ሰው ቤትዎን እንዲያውቀው ነው» አልኳቸው። እትዬ «ድሮስ ማን ያላወቀው አለ? ጻፊው ምን ከፋኝ» አሉ። እርሳቸው «ሰው» ሲሉ የሰፈሩን ሰው ማለታቸው ነበር። እኔ ደግሞ ይህ ገብቶኝ ሳለ አላረምኳቸውም። ዲፕሎማዬ ላይ የምንጭን ፈቃድ ስለመጠየቅ አንድ ትምህርት ወስጃለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አምጥቻለሁ።

ካርታው ወጣ። ተወደደ። አዘጋጁ ስንት ሰው እንዳየው በየሰዓቱ ቁጥር ይልክልኝ ጀመር። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ካርታሽን አየሁት» ይለኛል፤ «ጽሑፍሽን አነበብኩት» ያለኝ አንድም ሰው የለም። ያም ሆኖ ተኮፈስኩ።

ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ወደ እትዬ ጎራ አልኩ። ጣሳው የለም። ብመለስ ይሻለኝ ነበር፤ ግን እንግዳ አይደለሁም ብዬ አንኳኳሁ። ጥቁር ለብሰዋል። ወንበር ሰጡኝ፤ ቡና አስፈሉ፤ ከዚያ ያለ ምንም ቁጣ አጫወቱኝ። ባይረጋጉ እመርጥ ነበር።

እኅታቸው አርፈውባቸው ነበር። ለቅሶው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የተቀመጡት፤ ጣሳው ከወረደ ሰንብቷል። በሁለተኛው ቀን ሦስት የማይታወቁ ወጣቶች ስልካቸውን እያዩ መጥተው ገቡና ተቀመጡ። ቤተ ዘመድ ሐዘንተኛ መስለውት ንፍሮ ቀረበላቸው። ልጆቹም ምሳ መስሏቸው በሉ። ጥቂት ቆይቶ አንደኛው ቀስ ብሎ «እናቴ፣ ጠላው መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ የእትዬን አጎት ጠየቃቸው። ሽማግሌው «የለም ልጄ» ቢሉት «ካርታው ግን አለ ይላል» አላቸው። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ትንሽ ፈገግ ብለዋል። እኔ መሬት መሬት አይ ነበር።

(«እናቴ» ያላቸው አጎትየው ጋቢያቸውን ተከናንበው ስለነበር ነው። ይህንንም እትዬ ናቸው ያከሉት።)

የባሰው ከሐዘኑ በኋላ የመጣው ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች በሩን አንኳኩ። ፈቃድ አለዎት ወይ? የለም። መኖሪያ ቤት እንደሆነ ያውቃሉ ወይ? ያውቃሉ። እትዬ እንደ ልማዳቸው «እኔ ለጎረቤት ነው የምጠምቀው» ሊሉ ሲጀምሩ አንደኛው ስልኩን አውጥቶ ካርታውን አሳያቸው። ቀይ ነጥብ፤ የበሩ ፎቶ፤ የእኔ አራት መስመር። «ከሁሉ ይልቅ ፎቶው ላይ ጣሳው ጉልህ ሆኖ ወጥቷል» አሉኝ እትዬ። ያን ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ብርሃኑ እስኪያምር ግማሽ ሰዓት ጠብቄ። ማስጠንቀቂያ ጽፈው፣ ዳግመኛ ብትሸጪ ቤቱን ትለቂያለሽ ብለዋቸው ሄዱ። ሰዎቹ ሕግ አስከበሩ፤ ምንም ልላቸው አልችልም። ግን ጣሳው ለሠላሳ ዓመት እዚያው እንጨት ላይ ነበር፤ በዚያ በር ያላለፈ ሹም የለም። ያዩት ሁሉ እንዳላየ የሚያልፉት ምልክት ነበር። እኔ የሠራሁት አላየሁም የማይባል ምልክት ነው።

ሰው ሲጸጸት ያነባል፤ እኔም ማንበብ ያዝኩ። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የሚታተም «ጆርናል ኒውስ» የተባለ ጋዜጣ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012፣ በኮኔክቲከት ሳንዲ ሁክ በተባለ ትምህርት ቤት ሕፃናት በጥይት ካለቁ ከቀናት በኋላ፣ በዌስትቸስተርና በሮክላንድ አውራጃዎች የሽጉጥ ፈቃድ ያላቸውን ሰዎች ስምና አድራሻ በሚነካ ካርታ አወጣ። መዝገቡ በሕግ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ጋዜጣው የሰረቀው ነገር የለም። አገሩ ግን ተነሣበት። የጋዜጣው ሠራተኞች አድራሻ በብድር ተበተነ፤ ቢሮው የታጠቀ ዘበኛ እስከ መቅጠር ደረሰ። በጥር 2013 ግዛቲቱ ባለ ፈቃዶች ስማቸውን ማስደበቅ የሚችሉበትን ሕግ አወጣች፤ ጋዜጣውም ካርታውን አነሣው። የሽጉጥ ደጋፊ አይደለሁም። ግን በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ያለ ስምና በሰው ጣሪያ ላይ የተሰካ ነጥብ አንድ ነገር ናቸው የሚለኝ ሰው ካለ እትዬ ዘንድ ወስጄ አስተዋውቀዋለሁ።

ነገሩን ሳብሰለስለው አንድ ነገር ይበልጥ እየገለጠልኝ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስንፈልግ የምንቀባበለው «ከሾላው ዞር ብለሽ ጠይቂ» የሚለው አነጋገር፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ነጂ ካርታው ፊቱ ተዘርግቶለት ሳለ «እሺ እኅቴ፣ ምን አጠገብ ነሽ?» እያለ የሚያደርቀን፣ ኋላ ቀርነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን «ጠይቂ» የምትለዋ ቃል ላይ እቆማለሁ። የሚጠይቅ ሰው ይታያል። ሱቁ ጋ የተቀመጡት ልጆች ያዩታል፤ «ምን ፈልገህ ነው?» ይሉታል፤ ደስ ካላቸው ይመሩታል፤ ካላላቸው «እዚህ ሰፈር የለም» ይሉታል። ሐዘን ካለ «ዛሬ ለቅሶ ላይ ናቸው» ይሉታል። ነጥቧ ይህን ሁሉ ሰፈር ዘላ ሰውየውን በሩ ላይ ታወርደዋለች።

በማግሥቱ አዘጋጁ ዘንድ ሄድኩ። ልጨቃጨቅ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እርሱ ግን ሰምቶኝ ወዲያው የእትዬን ነጥብ አነሣ። ምን ዋጋ አለው! ካርታው እንደ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ተሰራጭቷል፤ አንድ ለጋስ ሰው ደግሞ ነጥቧን ወደ ትልቁ ካርታ አሻግሮ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቶባታል። እርሷን ለማስጠፋት ብቻ ወራት ፈጀብኝ።

የቀሩትን 36 ቤቶች ምን እናድርግ? ካርታውን የሠራልን ወጣት መላ አመጣ። ከነጥቡ በኋላ ካሉት አምስት ቁጥሮች ሦስቱን ቆረጠ። ሁለት ቁጥር ብቻ ሲቀር ቦታው ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ካሬ ይሆናል፤ ጣሪያዎቹ ጠፍተው «በዚህ ገደማ ጠላ አለ» የሚል ጥላ ብቻ ቀረ። ሙያው ያለው መፍትሔ ነው፤ የታማሚዎችን ቦታ የሚሥሉ ሰዎችም እንዲህ ያለውን ይጠቀማሉ። አዘጋጁ አይቶ «ይኼማ ጭጋግ ነው» አለ። ተመልካቹም ቀነሰ። እንደ ካሣ ይሁን ወይም እንደ ቅጣት፣ በጥላው ሥር ሦስት ገጼን ሙሉዋን አወጣልኝ። ስንት ሰው እንዳነበባት ቁጥር አልላከልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ካርታ ጠላሁ ማለቴ አይደለም። ነገ ጎርፍ ቢመጣ፣ መንገድ ቢቆረጥ፣ እንደ ኬንያውና እንደ ሄይቲው ዓይነት ሥራ ላይ ቢጠሩኝ ቀድሜ እገኛለሁ። ሄይቲ ላይ ነጥቧን የሚልከው ራሱ የተቸገረው ሰው ነው፤ «እዚህ ነኝ፣ ድረሱልኝ» ይላል። እትዬን «እዚህ ናቸው» ያልኩት እኔ ነኝ።

ለይቅርታ አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዤ ሄጄ ነበር። ስኳሩን ተቀብለው ቡናውን አብረን ጠጣነው። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ እኔው ነኝ ጻፊው ያልኩሽ» አሉኝ። ይህ ንግግራቸው ከማስጠንቀቂያው ወረቀት ይልቅ ይከብደኛል።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ስልክ ደወሉልኝ። ሥራውን ወደ ሟች እኅታቸው ልጅ ግቢ አዙረውታል፤ ልጅቷ ጉልበት አላት፣ እርሳቸው እጁን ያውቁታል።

«ቅዳሜ ነይ» አሉኝ። «ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብለሽ የድንጋዩን ድልድይ ስትሻገሪ ቆርቆሮ አጥር አለ። እዚያ ልጆቹን ጠይቂ። በስልክሽ ግን አትፈልጊኝ፤ አደራ።»

ቅዳሜ ሄድኩ። ድልድዩን ተሻገርኩ፤ ልጆቹን ጠየቅሁ፤ ከእግር እስከ ራሴ አይተው መሩኝ። እንጨቱ ከአጥሩ በላይ ቆሟል። ጫፉ ባዶ ነው።

ጥቂት ቆሜ ተመለስኩ።